ውለታ ይጻፋል እንዴ?

ሰኔ ሲገባ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ ኮፒ ቤት ያለው ሰው በጊዜ ቤቱ አይገባም። ተመራቂዎች ሪሰርቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሁሉም የሚፈልጉት ለነገ ጠዋት ነው። የሁሉም ፍላሽ ቫይረስ አለበት። የሁሉም አማካሪ በመጨረሻ ሰዓት አንድ ምዕራፍ አስቀይሯል። እንዲህ ባለ አንድ ምሽት ወረቀት አለቀብኝ።

አከፋፋዩ ከጠዋት ጀምሮ "መንገድ ላይ ነኝ" ሲለኝ ውሎ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስልኩን ዘጋ። ደጄ ላይ ልጆች ተኮልኩለዋል። ግድግዳ የምንጋራው ኮፒ ቤት የጋሼ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሰፈሩም ጋሼ ብቻ ነው የሚላቸው። እኔ ሳልከፍት በፊት በዚያ መስመር ያለው ኮፒ ቤት የእሳቸው ብቻ ነበር። እንግዲህ እኔ የማትመው ገጽ ሁሉ ድሮ የእሳቸው የነበረ ገጽ ነው ማለት ይቻላል። እንደምንም ብዬ ገባሁና "ጋሼ፣ ሁለት ደስጣ ያበድሩኝ፣ ነገ ጠዋት እመልሳለሁ" አልኳቸው።

አላንገራገሩም። ከመደርደሪያው ሥር ሁለት ደስጣ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። አመስግኜ ላነሳው ስል "ቆይማ" አሉኝ። መሳቢያቸውን ከፍተው የተማሪ ደብተር አወጡ። ቀኑን ጻፉ። ስሜን ጻፉ። ከሥሩ "2 ደስጣ ኤ4፣ 80 ግራም" ብለው ጻፉ። ደብተሩን ወደ እኔ አዞሩና እስክሪብቶውን ሰጡኝ።

"ፈርም።"

ከፋኝ። ለሁለት ደስጣ! በየቀኑ አብረን ቡና እየጠጣን፣ መብራት ሲጠፋ አብረን እያማረርን? ጎረቤት ለጎረቤት ጨው ሲዋዋስ ደብተር ያወጣል እንዴ? ፈርሜ ወጣሁ። እስከ ሌሊት ድረስ ወረቀት እየከተትኩ፣ ያችን "ፈርም" እያመነዠኳት ሠራሁ።

በማግስቱ የእኔ ወረቀት ሲመጣ ሌላ ሥራ ሳልነካ ሁለት ደስጣ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ማሸጊያውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ደብተሩን አወጡና የእኔን መስመር በቀይ እስክሪብቶ ሰረዟት። "በቃ" አሉ። "ሌላ ጊዜ ሲያጥርህ ና።"

ከዚያች "በቃ" በኋላ የተሰማኝን ነገር ነው እስካሁን የማሰላስለው። ማታ የያዘኝ ቅሬታ የት እንደገባ አላውቅም። ቀለለኝ። በደጃቸው ሳልፍ አንገቴን የምደፋበት ምክንያት አልነበረም። "ያን ቀን ባላወጣሁህ ኖሮ" የሚለኝም የለም። ወስጄ ነበር፣ መለስኩ፣ ተሰረዘ። ደግሞ ሲያጥረኝ እንደምሄድ ያኔውኑ አውቄዋለሁ፤ ሄድኩም። እሳቸውም ስቴፕለር ሽቦ ሲያልቅባቸው፣ የስፓይራል ቀለበት ሲጎድላቸው ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ። ሲመጡ ደብተሩን ይዘውት ነው። ለካ ራሳቸውንም ይጽፋሉ።

"ውሰደው ባክህ፣ ምን አላት" ብለውኝ ቢሆንስ? በዚያ ምሽት ደስ ይለኝ ነበር። በሚቀጥለው ግን በሩ ላይ ደርሼ የምመለስ ይመስለኛል። ደግሞ አስቸገርኳቸው እያልኩ፣ ደንበኛዬን "ነገ ና" ብዬ እሸኛለሁ እንጂ አልገባም።

"ኧረ ተወው ባክህ"

ይህችን አባባል ሁላችንም እንወዳታለን። ደግ ሰው ያስመስላል። ከልብም እንላታለን፣ እሱን አልክድም። ግን ሁለት ሰዎች ኑሯቸው ያው ሱቃቸው ሲሆን "ተወው" ብዙ ርቀት አያስኬድም።

አንድ ልብስ ስፌት የሚሠራ ወዳጅ ነበረኝ፤ ሱቁ ከእኔ ማዶ ነው። እኔ የዋጋ ዝርዝሩን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የንግድ ፈቃዱን ኮፒ በነጻ አደርግለታለሁ። እሱ የሱቄን መጋረጃ ሰፋልኝ፣ ሱሪዬን ያሳጥርልኛል፣ ዚፕ ይቀይርልኛል። ሁለታችንም "ተወው ባክህ" ባዮች ነን። መጀመሪያ ላይ ከዚህ የበለጠ ጉርብትና የለም ያልን ይመስለኛል።

ጊዜው ሲረዝም ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እኔ ውስጤ ያለው ደብተር ላይ የእኔ ኮፒ ነው የተጻፈው። እሱ ውስጡ ያለው ደብተር ላይ የእሱ ክርና ሰዓት ነው የተጻፈው። የሰው ልጅ የሰጠውን አይረሳም፤ የተቀበለውን ነው የሚረሳው። አንድ ቀን ወፍራም ሰነድ ይዞ መጣ። እኔ ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር "ትንሽ ቆይተህ" አልኩት። አልተመለሰም። አልተጣላንም፣ አልተኮራረፍንም። ሰላምታችንም አለ። ግን ሱሪዬን አሁን ሌላ ጋ ነው የማሳጥረው፣ እሱም ኮፒውን ሌላ ጋ ያሠራል። ብድር በምድር ይባላል፤ የእኔና የእሱ ብድር ግን ልኩ ስላልታወቀ ማን ለማን መመለስ እንዳለበት እንኳን አልታወቀም።

ስለ ነጋዴዎች መደጋገፍ በተወራበት ስብሰባ ሁሉ የማይቀር ተረት አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ጭብጨባ ይከተላል። ትክክል ነው፣ ያስራል። ግን ድሩን የሚፈትለው ማነው? ከማን ስንት ክር ይመጣል? አንበሳው ከታሰረ በኋላስ የተረፈው ክር የማን ነው? ይህን የሚጠይቅ ሰው ስብሰባ ላይ አይወደድም። ጋሼ ግን ጥያቄውን በደብተር መልሰውታል።

ወረቀት በወረቀት

አንድ ቀን "ለምን ዋጋውን አይጽፉም?" አልኳቸው። ደብተሩ ላይ የትም ቦታ ብር የሚል የለም። ሁሉ ነገር በዓይነት ነው፦ ደስጣ፣ ፓኬት፣ ቀለበት፣ የቶነር ዱቄት በጠርሙስ።

"ብር ብጽፍብህ አንዳችን እንጎዳለን" አሉኝ።

ይህን ለመረዳት ሐምሌ 2016ን ማስታወስ ይበቃል። ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋን ለገበያ ሲለቅ፣ ባንክ ቤት ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። እኛ የምንጠቀመው ወረቀትም ቶነርም ከውጭ የሚገባ ነው። አከፋፋዮች ዕቃውን መጋዘን ቆልፈው "ዋጋ አልወጣለትም" ይሉ ነበር። ጠዋት የሰማኸው ዋጋ ከሰዓት አይሠራም። በዚያ ሰሞን ለጎረቤቱ በብር ያበደረ ሰው፣ ብሩ ሳይጎድል ቢመለስለትም፣ ያበደረውን ያህል ዕቃ መልሶ መግዛት አልቻለም። ብዙዎች ማበደር አቆሙ። ክፋት አልነበረም፤ አቅም ነው ያጡት። የጋሼ ደብተር ግን አልቆመም። ወረቀት የወሰደ ወረቀት ይመልሳል። ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም ሁለቱም እኩል ናቸው።

"80 ግራም" የምትለዋም ዝም ብላ የገባች አይደለችም። አንዱ 80 ግራም ወስዶ ስስ ወረቀት መልሶላቸዋል። ስስ ወረቀት ማሽን ውስጥ ሁለት ሁለት እየሆነ ይገባና ይታነቃል። ጋሼ አልተቆጡም፣ ሰውየውን አላሙትም። ከዚያ በኋላ ግራሙን መጻፍ ጀመሩ፤ በቃ። ማሽናችን ይበልጥ አስተማማኝ እንዲሆን የጸለይን ብዙ ነን፣ መዝገባችንን ያሻሻልን ግን ጥቂት ነን።

ከዕቃ ወደ ሥራ ሲመጣ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። የእኔ ማሽን ድራሙ ተጭሮ በየገጹ መሀል ቀጭን ጥቁር መስመር ማውጣት ሲጀምር፣ ሥራዬን በጋሼ ማሽን አሠራሁ። ደንበኛው ከእኔ ጋር ነው የተነጋገረው። ታዲያ ብሩን እንዴት እንካፈል? መለዋወጫውም፣ የማሽኑ ዕድሜም የእሳቸው ነው። ደንበኛውና ጥረዛው የእኔ ነው። ቁጭ ብለን ተነጋገርንና ለጎረቤት ብቻ የሚሆን የገጽ ዋጋ አወጣን። እሳቸውም ማሽናቸው ሲበላሽ በዚያው ዋጋ እኔ ጋ ይሠራሉ።

ቀጥሎ የመጣው ጣጣ ደረሰኝ ነው። ተማሪ ብዙም አይጠይቅም፣ መሥሪያ ቤት ግን ያለ ደረሰኝ አይሆንም። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ከደንበኛው ብር የተቀበለው ለደንበኛው ይቆርጣል፤ ያተመው ደግሞ ላሳተመው ይቆርጣል። አሰልቺ ነው። አንዳንዴ ለጥቂት ገጽ ደረሰኝ ስንቆርጥ ለራሳችን ሳቃችን ይመጣል። ግን አንድ ተቆጣጣሪ በር ላይ ቆሞ "ይሄ ገቢ የማነው?" ሲል እርስ በርስ ከመተያየት ይሻላል።

የተጠራጣሪዎች ማኅበር

እቁባችንን ሰው ሁሉ በፍቅር ነው የሚያወራው። እኔም እወደዋለሁ። ግን ቀረብ ብላችሁ አሠራሩን እዩት። ጸሐፊ አለ። ዳኛ አለ። ለዘገየ ቅጣት አለ። ዕጣ የወጣለት ሰው፣ ዕድለኛው ራሱ፣ ዋስ ካልጠራ ብሩን አይነካም። ይህ ሁሉ ምንድነው? ጥርጣሬ ነው። ሰው ሊቸግረው፣ ሊረሳ፣ ሊጠፋ ይችላል ብሎ አስቀድሞ ያሰበ ሰው የሠራው ነው። እቁብ እንደ ጥሩ አጥር ነው፤ አጥሩ ስላለ ነው ጎረቤቶቹ በሰላም የሚተያዩት።

የእኛ መስመር ዳኛ የጀበና ቡና የምታፈላልን እህታችን ናት። ሲመረጥ ብዙ ክርክር አልነበረም። ከማናችንም ጋር አትፎካከርም። ጠዋት ማን ዘግይቶ እንደከፈተ ታያለች። ሁለት ስኒ ይጠጣ የነበረ ሰው አንድ ሲያደርግ፣ ከዚያ "ጻፊብኝ" ማለት ሲጀምር፣ የዚያ ሱቅ ነገር እንዳልሆነ ከማናችንም በፊት ታውቃለች። አንድ ጊዜ አንዱን ጠርታ ቀስ ብላ "አንተ ዛሬ ዕጣ ብታገኝ ይሻልሃል፣ ተራ የሚሸጥልህ ልፈልግልህ?" ስትለው ሰምቻለሁ። ሰውየው ችግሩን ለማንም አልነገረም ነበር። ተራ ተሸጠለት፤ ትንሽ ከፈለ፣ ያሰበውንም አደረገ።

ባንክ ቤት ሄደን የምናውቀው ጥያቄ የቤት ካርታ ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትም ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል፤ ማሽንም ዕቃም ያስበድራል ማለት ነው። ጥሩ ሕግ ነው። የእኛ ሰፈር ዋስ ግን አሁንም ሰው ነው።

እቁብም ብርን የሚበላው ዋጋ ንረት ይበላዋል፤ ይህን ብዙ አናወራውም። በ2014 የአገሪቱ የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። አንድ ዓመት በሚፈጅ እቁብ መጀመሪያ የወጣለትና መጨረሻ የወጣለት እኩል ብር ይቀበላሉ፣ የሚገዙት ዕቃ ግን አይገናኝም። የመጨረሻው ሰው ለሌሎቹ ያለ ወለድ ሲያበድር ከርሞ በኪሳራ ወጣ ማለት ነው። እኛ ዙሩን አሳጠርነው። ከዚያ ደግሞ ከፊሉን ብር ለጋራ ግዢ አደረግነው። አንድ ሰው መርካቶ ወርዶ ወረቀትና ቶነር በብዛት ይገዛል፤ ትራንስፖርቱን፣ መጫኛና ማውረጃውን እንካፈላለን። ተራው የደረሰው ሰው ብር ሳይሆን ዕቃ ይወስዳል። የጋሼ ደብተር አሠራር ነው፣ ሰፋ ብሎ።

የማይጻፍ መረዳዳት

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ።

መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ሲገዙ ፕሮፎርማ ይሰበስባሉ፤ የተለመደው 3 ነው። ከሦስት ሱቅ ዋጋ ጠይቀህ ካነሰው ግዛ ነው ሐሳቡ። አንድ የማውቀው ነጋዴ ባዶ ፕሮፎርማ ይዞልኝ መጣ። "ማኅተምህን ምታልኝ፣ ዋጋውን እኔ ከፍ አድርጌ እሞላዋለሁ። አንተም ሲመጣልህ እኔ እመታልሃለሁ" አለኝ። ፈገግ እያለ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። እንዳልፈለግሁ ስነግረው ከልቡ አዘነብኝ። "እኛ እርስ በርስ ስለማንረዳዳ ነው የማናድገው" አለኝ።

አባባሉ ቆየብኝ። ምክንያቱም እኔ ስለ መደጋገፍ ሳወራ የምውል ሰው ነኝ። የእሱና የጋሼ ልዩነቱ ምንድነው? ሁለቱም ጎረቤት ናቸው። ሁለቱም ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ላንተ ይላሉ።

ብዙ ካሰብኩ በኋላ የገባኝ፣ ማን እንደሚከፍል መጠየቅ እንዳለብኝ ነው። ከጋሼ ወረቀት ስወስድ የሚጎድለው የጋሼ መደርደሪያ ነው፣ የሚሞላውም በእኔ ነው። ማኅተም ስንዋዋስ ግን ከእኔም ከእሱም የሚጎድል የለም። የሚከፍለው እዚያ ያልነበረ ሰው ነው። ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፣ ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ተፎካካሪዎች በዋጋም ሆነ በጨረታ ላይ መመሳጠራቸውን ይከለክላል። አዋጁ ባይኖርም ግን ያንን ውለታ ጋሼ ደብተር ላይ ልንጽፈው አንችልም። "አንድ ማኅተም፣ በውሸት ዋጋ" ብሎ ማን ይፈርማል?

ሰውየው አሁንም ቡና የምታፈላልን እህታችን ዘንድ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል። ፕሮፎርማ ግን ይዞልኝ መጥቶ አያውቅም። አንዳንድ ሥራ እንዳመለጠኝ አውቃለሁ። ይቆጨኝ እንደሆነ ለጠየቀኝ፣ የቤት ኪራይ በሚከፈልበት ሳምንት ይቆጨኛል።

አዲሱ ልጅ

በቅርቡ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ወጣት ከፍቷል። ማሽኑ አዲስ ነው፣ ከለርም ይሠራል። ፋይል በቴሌግራም ይቀበላል፣ ብሩን በቴሌብር፤ ተማሪው ሲመጣ ሥራው አልቆ ይጠብቀዋል። በአንድ ገጽ ደግሞ ከእኛ ቀንሷል። ልጆቹ ወደዚያ መሄድ ጀምረዋል። እውነቱን ለመናገር እኔም ተማሪ ብሆን እሄድ ነበር።

ነገሩ እቁቡ ላይ ተነሳ። አንዱ "በጋራ ግዢው እንዳይገባ፣ ዋጋ እየሰበረብን እኛ ወረቀት ልናረክስለት ነው?" አለ። ሌላው "ይግባ፣ ግን ዋጋውን እንደኛ ያድርግ" አለ። ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ሁለተኛውን ሐሳብ ተቃወምኩ። ያው የማኅተሙ ነገር ነው፣ ልብሱን ለውጦ የመጣ። ዋጋችንን ተነጋግረን ካስተካከልን የሚከፍለው ያ ፍላሹ ላይ ቫይረስ ያለበት ልጅ ነው።

ጋሼ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ "ስንት ካርቶን በወር ይጨርሳል?" ብለው ጠየቁ። ማንም አላወቀም። "ከእኛ በላይ የሚጨርስ ከሆነ ጭነቱ ይበዛል፣ የመኪናው ኪራይ ለሁላችንም ይቀንሳል። ዋጋው የራሱ ጉዳይ ነው፤ እኔም ይሄ ልጅ አጠገቤ ሲከፍት ዋጋህን ጨምር አላልኩትም" አሉ። ይሄ ልጅ ያሉት እኔን ነው። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን እንደቀልድ አልሰማሁትም። ያን ያህል ዘመን አጠገባቸው ስሠራ ስለዚህ ጉዳይ አንስተውብኝ አያውቁም ነበር።

የተደረሰበት ስምምነት ፍጹም አይደለም። ልጁ በግዢው ይገባል፣ እቁቡ ውስጥ ግን ለጊዜው አይገባም፤ ዋስ የሚሆነው ሰው ገና አልተገኘም። ብሩን አስቀድሞ ያስይዛል። ስለ ዋጋው ማንም አያናግረውም። በዚህ የተበሳጨው አንዱ አባል ከጋራ ግዢው ወጣ፤ እቁቡን ግን ዙሩ እስኪያልቅ ይጥላል። ከስብሰባው ሲነሳ እጄን እንኳን አልጨበጠኝም።

ለልጁ እንድነግረው የተላክሁት እኔ ነኝ። አሠራሩን ስነግረው መጀመሪያ ትንሽ ጠረጠረኝ። "ምን ፈልጋችሁ ነው?" አለኝ። ስለ መኪናው ኪራይ ነገርኩት። ያ ገባው። ወረቀት በምን ግራም እንደምንገዛ፣ ካርቶኑ ስንት ስንት እንደደረሰን ጠየቀኝ፤ ስልኩን አውጥቶ ሲያሰላ ቆየና "አስቤበት እነግርሃለሁ" አለኝ። ጭነቱ የሚታዘዘው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ስንት ካርቶን እንደሚፈልግ እስካሁን አልነገረንም።